ፍየሏ ላይ የተሰፋው ወንበር

ሾፌሯ የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። አልሰረጎደም። መዳፏን አሳርፋ ክብደቷን ጣለችበት፤ ጎማው ንቅንቅ አላለም።

"ማነው ይሄን የነፋው?"

"ጎሚስታው ጋ ወስጃት ነዋ!" አለ ባሏ፣ ሞተር ሳይክሏን የሸፈነውን ጨርቅ ገና ከፊት በኩል እየገፈፈ። "ሁለቱም ጎማ ባዶ ነበር እኮ። ከዓመት በላይ ስትቆም ተንፍሳ ነው። አሁን አሳምሮ ነፍቶልሻል፣ ቶሎም አትነኪውም።"

"ባዶ አልነበረም። ልክ ነበር።"

"በጣቴ ስነካው ስርጉድ አለ ስልሽ!"

"ስርጉድ እንዲል ነው።"

ባሏ ሳቀ። ጎማውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ የሱ ልብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰሞኑን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ኪሱ ከቶ፣ "የአይጥ መርዝ አድርጌበታለሁ፣ ልጅ ይዘሽ እንዳትገቢ" ሲላት ከርሞ፣ ዛሬ ጠዋት ለውድድሩ ልትዘጋጅ ስትነሳ ነው እጇን ይዞ ያስገባት። የቀረውን ጨርቅ በአንድ ጊዜ ሳብ አደረገና ወደ ጎን ቆሞ ፊቷን ማየት ጀመረ።

ሞተር ሳይክሏ ላይ ወንበር ተገጥሟል።

ወንበሩ ያምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቡናማ ቆዳ፣ በቢጫ ክር ድርብ ስፌት፣ ውስጡ ጠንከር ያለ ስፖንጅ። የትኛውም ባለሥልጣን መኪና ውስጥ ቢገጠም አያሳፍርም። ችግሩ ይህች ሞተር ሳይክል ከተሠራች ጀምሮ ወንበር ኖሯት አያውቅም። ሠሪዎቿ ረስተውት አይደለም። የተሠራችው ድንጋይ ለመውጣት ነው፤ የሚነዳት ሰው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቆሞ፣ በጉልበቱና በወገቡ ሚዛኑን እየጠበቀ ነው የሚሄደው። ወንበር ከመጣ ጉልበት የሚታጠፍበት ቦታ የለም።

ውድድሩም የፍጥነት አይደለም። በሪባን በታጠረ ጠባብ መንገድ፣ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ፣ እንደ እግረኛ ቀስ ብሎ፣ እግር ሳያወርዱ ማለፍ ነው። እግር መሬት በነካ ቁጥር አንድ ነጥብ ይያዝብሃል፤ ከወደቅህ ወይም አልሞክርም ብለህ ከተውከው አምስት። ትንሽ ነጥብ የያዘ ያሸንፋል። ለሞተር ሳይክሏ "ፍየሏ" የሚለውን ስም ያወጣላት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ይኸው ባሏ ነው። ሾፌሯን መጀመሪያ ያያት አንድ ትልቅ ቋጥኝ አናት ላይ፣ በሁለት ጎማ ቀጥ ብላ ቆማ ሳለች ነበር። የሴትየዋን ስም ሳይጠይቅ ለሞተሯ ስም አወጣ፣ በዚያው ቀረ።

"በይ እንጂ፣ ተናገሪ!"

"ፍየል ላይ ኮርቻ ማን ጫነ?" አለች።

"ኮርቻ አትበይው! ሦስት ዓይነት ስፖንጅ ደርቤ ነው የሠራሁት። ከወለድሽ ወዲህ ወገቤን ወገቤን ስትይ እሰማለሁ እኮ፣ ጆሮ አለኝ።"

"ወገቤን የምለው አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ስለምውል ነው።"

ባሏ ሥራው ወንበር ነው። የታክሲ፣ የጭነት መኪና፣ የፀጉር ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ብቻ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ሁሉ በእጁ ያልፋል። የቆመ ሰው ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሚስቱ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ከማለዳ እስከ ማታ አንድ የላላ ወንበር ውስጥ ተዘፍቃ፣ ፍሬን ስትይዝ የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ እየተራገማት ትውላለች። በሳምንት ውስጥ ቀጥ ብላ የምትቆምበት ቦታ ቢኖር ፍየሏ ላይ ነበር። እሱም እርጉዝ ከሆነች ጀምሮ ቀርቷል።

"ወደደችው?" አሉ አማቷ ከበሩ። የስምንት ወር ህፃኗን አቅፈው፣ ደፉን ሳይሻገሩ ቆመዋል። "ሐሳቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰው እንዴት መቀመጫ የሌለው ነገር ሠርቶ ይሸጣል? የሸጠውም አያፍር፣ የገዛችውም አታፍር።"

"እማማ፣ ስሪቷ እንደዚህ ነው።"

"እኮ አሁን ተስተካከለላት። ከእንግዲህ እንደ ሰው ቁጭ ብለሽ ሥራም፣ ሱቅም ደረስ መለስ ትይባታለሽ። ቋጥኝ ላይ መንጠልጠሉ በልጅነት ያምራል። አሁን እናት ነሽ፤ አርፈሽ ተቀመጪ።"

ሾፌሯ ባሏን አየችው። ባሏ ወንበሩን እያየ ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ ያልሰማችው ምክር የለም። ተቀመጪ፣ እረፊ፣ ተይው፣ ይቅርብሽ። ምክር ስለሆነ በአንድ ጆሮ ሰምታ በሌላው ስታፈሰው ቆይታለች። አሁን ግን ያው ምክር ቆዳ ለብሶ፣ በብሎን ታስሮ ፍየሏ ላይ ቁጭ ብሏል። ዛሬ አመስግና ከተቀመጠችበት ሁለተኛ እንደማትነሳ ታውቃለች፤ ማንም አስገድዷት ሳይሆን በይሉኝታ ብቻ።

"ውድድሩ ከሰዓት ነው፤" አለች እጅጌዋን እየጠቀለለች። "ፍየሏን ወደነበረችበት እመልሳታለሁ።"

"የቱን ነው የምትመልሺው?" አለ ባሏ።

"ሁሉንም።"

ከጎማው ጀመረች። የመንፊያውን ክዳን ፈትታ ውስጡን በካቻቪቴ ጫፍ ስትጫነው አየሩ እየጮኸ ወጣ። ህፃኗ በአያቷ ክንድ ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች።

"ኧረ እንዳትጨርሺው! ተሰልፌ ያስነፋሁት አየር ነው!"

"ና፣ እጅህን አምጣ።" የባሏን አውራ ጣት ይዛ ጎማው ላይ ተጫነችበት። ጣቱ ገባ። "ድንጋይ ሲያገኝ እንዲህ ሆኖ ያቅፈዋል። የደረቀ ጎማ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ነው የሚሆነው። የሚጥለኝ ይሄ ነው እንጂ መቆሜ አይደለም።"

ባሏ ጣቱን አንስቶ አየው። እሷ በትንሿ መለኪያ የፊቱን ከኋላው ትንሽ ጠንከር አድርጋ ለካችና ክዳኑን መለሰች።

ቀጥሎ ካቴናው ነበር። በጣቷ ወደ ላይ ስታነሳው እንደ ክራር ክር ተወጥሯል።

"ይሄንንስ?"

"እሱን ራሴ ነኝ ያጠበቅሁት። ተንጠልጥሎ ነበራ፤ አይቼ ዝም ልበል?"

"ፍየሏ ከድንጋይ ስትዘል የኋላ ጎማዋ ወደ ላይ ይገፋል። ያኔ ካቴናው ይሳባል። ትርፍ ከሌለው ወይ ይበጠሳል፣ ወይ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል፣ እኔ ደግሞ በመሪው ላይ አልፌ እሄዳለሁ።"

ሰውየው ሲያጠፋም አሳምሮ ነው። መሪውን ለተቀመጠ ሰው እንዲመች ወደ ኋላ አዙሮታል። የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን መያዣ ከፍ አድርጎ አጥብቋቸዋል፤ እሷ ግን ቆማ በአንድ ጣት ነው የምትስባቸው፣ አራቱ ጣቶቿ ከመሪው መላቀቅ የለባቸውም። ሁሉንም ፈትታ፣ አዘንብላ፣ ክንዷን ዘርግታ እየለካች መልሳ አሰረች። የከረመውን ነዳጅ ቀድታ ጣለች። ካንዴላውን አውጥታ በብሩሽ ጠረገችው። የአየር ማጣሪያውን ስታወጣ ስፖንጁ እንደ አዲስ ነጥቶ የሳሙና ሽታ ሸተታት።

"አጠብከው?"

"አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ መለስኩት። እሱስ ምን አጠፋ?"

"ዘይቱስ?"

"ንፁህ ነገር ላይ ምን ብዬ ዘይት ልቀባ?"

"አቧራውን የሚይዘው እኮ ዘይቱ ነው! ደረቁን ከሆነ አቧራው በሙሉ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።" ተናዳ ልትጮህበት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ሳቋ መጣ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስፖንጁን ዘይት ውስጥ ነከረችው። ደጋግማ ጨመቀችው፤ ሲዘፈዘፍም፣ ሲደርቅም አይሆንም። የስፖንጅ ነገር የባሏ ሙያ ነውና ይህን ሲያይ ሳይታዘዝ እጁን ዘርግቶ ተቀበላትና እሱ ጨመቀው።

ወንበሩ ብቻ ቀረ።

ሾፌሯ የአስር ቁልፍ ይዛ ተንበረከከች። በግራ በኩል አየች። በቀኝ በኩል አየች። ከስር በእጇ ዳሰሰች። አንድም ብሎን የለም።

"ብሎኑ የት ነው?"

ባሏ እጁን በጨርቅ ጠረገ። በሱ ሱቅ ብሎን አይታይም፤ ኩራቱ እሱ ነው። የወንበሩን ብረት መጀመሪያ ያስርና ስፖንጁን ደርቦ፣ ቆዳውን ከላይ ስቦ ይሰፋዋል። ደንበኛ ወንበሩ እንዴት እንደቆመ ካወቀ ሥራው አልተሠራም ብሎ ነው የሚያምነው።

"ከቆዳው ስር ነው አይደል? እንዴት ነው የሚፈታው?"

"አይፈታም፤" አለ ቀስ ብሎ። "እንዳይፈታ ነው የሠራሁት።"

ሾፌሯ ተነሳች። ከራሱ የዕቃ ሳጥን የቆዳ መቁረጫውን ምላጭ አወጣች።

"ኧረ ጉድ!" አሉ አማቷ። "የሰው ልፋት ልትተለትይ ነው? ይህን ያህል ቀን ዓይኑን ያጠፋበትን?"

"እማማ፣ እርስዎ ምንም አይበሉ። ይሄ የሁለታችን ነው።"

"አትቁረጪው፤" አለ ባሏ። ድምፁ ተቀየረ። "እባክሽ። ከመፀነስሽ በፊት የወደቅሽ ቀን አጠገብሽ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሞተሯ ከላይሽ ስትወድቅ አንድ ጫማሽ ብቻ ነበር የሚታየኝ። አንቺ እግርሽን አራግፈሽ ተነሳሽ፣ ረሳሽው። እኔ አልረሳሁትም። ቆመሽ ባየሁሽ ቁጥር እኔ መቀመጥ ያቅተኛል። ከተቀመጥሽ ምናልባት..." አልጨረሰውም።

ሾፌሯ ምላጩን እንደያዘች ባሏን ስታየው አዘነችለት። አዝናለትም አልተወችውም።

"ፈርቻለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት?" አለች። "ፍርሃትህን ቆዳ አልብሰህ እላዬ ላይ ከምትሰፋው?"

"ብነግርሽ ትተይው ነበር?"

"አልተወውም። ግን አብረን እንፈራ ነበር። እኔስ የማልፈራ መሰለህ? ሁልጊዜ እየፈራሁ ነው የምወጣው። ተቀምጬ ከምበሰብስ ግን ቆሜ ብፈራ ይሻለኛል። በል ዞር በል።"

ባሏ ዞር አላለም። እጁን ዘረጋ።

"አምጪው። አንቺ ቆዳውን ታበላሺዋለሽ።"

አጎንብሶ የስፌቱን ጫፍ ፈለገ፣ በምላጩ አፍ አንዱን ቢጫ ክር አነሳና በጠሰው። ከዚያ ሁለተኛውን። ሲሰፋው የነበረውን ያህል ተጠንቅቆ ነበር የሚተረትረው። እናቱ የምራቸውን ተቆጥተው፣ "አንተም ከሷ አትሻልም" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ቆዳው ሲገለጥ ብሎኖቹ ብቅ አሉ፤ ሾፌሯ ቁልፏን አስገብታ አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ወንበሩ ሲነሳ ፍየሏ መሃሏ ሰርጉዶ እንደ ድሮዋ ቀረች።

ሞተሩ ሦስት ጊዜ ረግጣው እምቢ ካለ በኋላ ተነሳ። ዝቅተኛ ዙሩን እየሰማች በካቻቪቴ አስተካከለችው፤ በጣም ከወረደ ቋጥኝ ላይ ይጠፋባታል፣ ከፍ ካለም ሳትፈልግ ይገፋታል። ከዚያ ከመሪው ላይ ያለችውን በማግኔት የተለጠፈች ክዳን ባሏን አሳየችው። ከክዳኗ የሚወጣው ቀይ ገመድ የእጅ አንጓዋ ላይ ታስሯል።

"እየው። ከወደቅሁ ገመዱ ይስባታል።" እጇን ወደ ኋላ ሳብ ስታደርግ ክዳኗ ተነቀለች፣ ሞተሩም ቀጥ አለ። "ይህችን የሠራው ሰውም ፈሪ ነው። ግን ፈርቶ የሚጠቅም ነገር ሠራ።"

"ስድብ ነው?"

"አዎ።"

ሲነሱ አማቷ ህፃኗን ለእናቷ መልሰው አስታቀፏት። "እኔ ልጅ የምይዘው ለሥራ ለምትሄድ እናት ነው፤ ልትሰባበር ለምትሄድ አይደለም።" እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ። የጨረሱ መስሏቸው ነበር፤ እውነትም ልጅ ታቅፎ የሚወዳደር ሰው የለም።

"ይሁን፣ እማማ፤" አለች ሾፌሯ ህፃኗን ለባሏ እያሻገረች። "አባት አላት።"

ወንበር ሰሪው እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ህፃኗን ትከሻው ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመልሶ ስፌቱ የተንጠለጠለውን ወንበር አመጣና የሱቁ ፒክአፕ ውስጥ ከፊት አስቀመጠው።

"ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ?"

"እኔ ልቀመጥበት። ድንጋይ ላይ መቀመጥ አልወድም።"

ውድድሩ የሚካሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ፣ ሥራ ካቆመ በቆየ የድንጋይ መፍለጫ ውስጥ ነው። የሞተር ክለቡ ሊቀመንበር የሾፌሯን ፊት ሲያይ እጁን ዘርግቶ መጣ፤ ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። የመሪው ፊት ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ሲሰጣት ነጩን ሰጣት። በነጭ ቀስት የተመለከተው ቋጥኞቹን ዞሮ የሚያልፈው የጀማሪ መንገድ ነው፤ የቀዩ በላያቸው ይወጣል።

"ቀዩን ነው የምፈልገው።"

"ቀይ ማለቂያው ከባድ ነው፣ እህቴ። ገና ከአራስነት መውጣትሽ ነው። ዘንድሮ ሰውነትሽን አፍታቺበት፣ ለከርሞ..."

"የከርሞውን ለከርሞ እናወራለን። ቀዩን ስጠኝ።"

"ኋላ እኔን እንዳትወቅሺኝ።"

"አንተን ማን ቆጠረህ?" አለችና ቀዩን ከእጁ ወሰደች። አጠገባቸው የቆሙት ሳቁ፤ ሊቀመንበሩም አብሮ ሳቀ።

ይሁን እንጂ ሰውነቷ አላሳፈራትም ማለት አይቻልም። የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አልሆኑላትም። አንድ ቦታ እግሯን ሦስቴ አወረደች፣ አንድ ቦታ ሙሉ በሙሉ ወድቃ አምስት ያዘች፤ ቀይዋ ገመድ ሥራዋን ሠራች፣ ሞተሩ ጠፋ፣ እሷም አቧራዋን አራግፋ ተነሳች። ቀና ስትል ባሏን አየችው። ወንበሩ ከሪባኑ ውጭ ደልደል ያለ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ባሏ አጠገቡ ቆሟል። ከመጡ ጀምሮ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተቀመጠበትም።

የመጨረሻው መንገድ ትልቁ ቋጥኝ ያለበት ነው። ከመወዳደር በፊት ሁሉም ሰው መንገዱን በእግሩ ሄዶ እንዲያየው ይፈቀድለታል። ሾፌሯ ባሏን አስከትላ ሄደች፤ ህፃኗ ትከሻው ላይ ተኝታለች። ቋጥኙ ስር ስትደርስ አንዲት ጭንቅላት የምታህል ድንጋይ በጫማዋ ነካ አደረገች። ድንጋይዋ ተወዛወዘች።

"ችግሯ ይህች ናት፤" አለችው። "የፊት ጎማዬ ከዚህ ነው መነሳት ያለበት። ከተንሸራተተች ቋጥኙን በደረቴ ነው የማገኘው።"

"ታዲያ ለምን አያነሷትም?"

"ክልክል ነው። ተወዳዳሪም ተመልካችም አይነካም። ድንጋዩ እንዳለ ነው የምትወጣው።"

"የማይረባ ሕግ ነው፤" አለ ወንበር ሰሪው። ከልቡ ነበር።

ተራ ያዙ። ከፊቷ የነበረው ጎረምሳ ያቺ ድንጋይ ከዳችውና ቋጥኙ ስር ከነሞተሩ ተጋደመ። አልተጎዳም፤ ነገር ግን ሞተሩ ሪባኑን በጥሶ ስለሄደ ዳኛውም ሊቀመንበሩም፣ ቅርብ የነበረውም ሰው ሁሉ ለማንሳትና ሪባኑን ለመቀጠል ተረባረበ። ሊቀመንበሩ ሲመለስ ሾፌሯ ጋ ጎንበስ አለ።

"አምስት ይዘሽ ይህንን ዝለይው። ማንም አይታዘብሽም። ያየነውን አይተናል፣ ጎበዝ ነሽ።"

"ዳኛው ይጥሩኝ፤" አለችው።

ዳኛው ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ዛሬም ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሰው ሁሉ ተማሪያቸው ይመስላቸዋል። ፊሽካቸውን ነፉ። "ቀጣይ!"

ሾፌሯ ጣቷን ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጋ መንገዷን በዓይኗ ተከተለች። መግቢያው፣ ጠባቡ መታጠፊያ፣ ቋጥኙ። ዓይኗ ቋጥኙ ስር ሲደርስ ቆመ። ያቺ ድንጋይ የለችም። በቦታዋ እርጥብ አፈር ብቻ ነው ያለው፤ ጉድጓዷ በእጅ ተጠቅጥቆ ተስተካክሏል። እንዲህ አድርጎ የሚያስተካክል እጅ አንድ ብቻ ታውቃለች።

ባሏን አየችው። ህፃኗን በግራ ክንዱ አቅፎ ቀኝ እጁን ከጀርባው ደብቋል። ከጎኑ ያለው ወንበር ከቅድሙ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ተቀምጧል። ብሎን እንደሚደብቀው ድንጋይዋንም ከስሩ ደብቋታል።

ሞተሩን አጠፋች። ፍየሏን አስደግፋ ወደ ባሏ ሄደች።

"ተነሳ በለው ወንበርህን።"

"ማንም አላየም፤" አለ በሹክሹክታ። "ዳኛውም አላዩም። አሁን ሜዳ ነው፣ ግቢና ውጪ። ስለ ልጅሽ ብለሽ።"

"እኔ አይቻለሁ።"

"ስትወድቂ ማየቱን ነው የማልችለው፣ ገባሽ? ሌላ ሌላውን እችላለሁ።"

"ገብቶኛል። ግን ዛሬ ድንጋይ ታነሳልኛለህ፣ ነገ ቋጥኙን፣ ከዚያ ፍየሏን። መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ የምቀረው፣ ተቀምጬ።" ወንበሩን በአንድ እጇ ገፋ አድርጋ ድንጋይዋን አነሳች። ከገመተችው በላይ ትከብዳለች፤ ልጅ አቅፎ በአንድ እጁ እንዴት እንደተሸከማት አሰበችና ልቧ ትንሽ ራራ። ድንጋይዋን ግን አላስቀመጠችም።

"አንቺ! ምንድነው የያዝሽው?" ጮኹ ዳኛው።

"ድንጋይ ነው፣ ጋሼ። ከቦታው ተነስቶ ልመልሰው ነው።"

"ማን አነሳው? መንገድ የነካ ሰው ይባረራል፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ባሏ አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

"የኔ ሰው ነው ያነሳው። ሳይመለስ ከገባሁ ያባርሩኝ። ተመልሶ ከገባሁ ደግሞ ነጥቤን ይያዙ።"

ዳኛው ፊሽካቸውን አፋቸው ድረስ አምጥተው ያዙት። ድንጋይዋን አዩ፣ ቀና ብለው አቀርቅሮ የቆመውን ወንበር ሰሪ አዩ፣ ትከሻው ላይ ያለችውን ህፃን አዩ። ፊሽካውን አልነፉትም።

"እኔ እያየሁ መልሺው፤" አሉ።

ሾፌሯ ሪባኑን ተሻግራ ቋጥኙ ስር ተንበረከከች። የተጠቀጠቀውን አፈር በጣቷ ቆፍራ አወጣችና ድንጋይዋን ጉድጓዷ ውስጥ አስቀመጠች። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ ሆነ፤ እንደሱ አልነበረም። አንስታ ገለበጠቻት።

"ሂድ ቁጭ በል!" ብላ ባሏ ላይ ጮኸች፣ ወደሱ ሳትዞር።

ወንበር ሰሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ህፃኗን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በተተረተረው ስፌት መሃል የወጣውን ስፖንጅ በጣቱ ጨመቀ።

ሾፌሯ ተነስታ ድንጋይዋን በጫማዋ ረገጠቻት። እንደ በፊቱ አልተወዛወዘችም። እንደገና ጎንበስ ብላ ከስሯ አንድ እፍኝ አፈር አወጣች፣ ረገጠቻት፣ ተወዛወዘች። ያኔ ወደ ፍየሏ ተመለሰች።